ይጠሩና ይናገሩ፦ ከነጃሺ ችሎት እስከ ሉዊስተን ከተማ

(በሬድዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

  

የሐበሻን ሂጅራ ታሪክ ያልሰማ ሙስሊም በመካከላችን አለ ብዬ አልገምትም። በየመድረሳው ተምረነዋል፤ በየደርሱ ሰምተነዋል፤ ለእንግዳ ሰው ስለ አገራችን ስንናገርም ቀድመን የምናነሣው እርሱን ነው። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ታሪኩን የምንጀምረው ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ንጉሡ ፊት ቆሞ ከተናገረበት ቦታ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለዚሁ ስለምናልፈው ነገር ነው። ከዚያም ተመሳሳይ ጉዳይ በእኛ ዘመን፣ በሩቅ አገር፣ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ እንዴት እንደተነሣ እናያለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይነት በተሰጣቸው በ5ኛው ዓመት፣ ማለትም በ615 ገደማ፣ ጥቂት ሰሃቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። ሁለተኛው ቡድን ተከተለ። ቁጥራቸው ሕፃናትን ሳይጨምር ከ80 በላይ ወንዶችና 18 ያህል ሴቶች እንደነበር የሲራ ጸሐፊዎች ይዘግባሉ። ቁረይሾች ይህን ዝም ብለው አላዩትም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን መልእክተኛ አድርገው ላኩ። ዐምር በዚያን ጊዜ ገና አልሰለመም ነበር፤ በአንደበተ ርቱዕነቱና በብልሃቱ ግን የታወቀ ሰው ነበር። ለስጦታ የያዙት የመካን ምርጥ ቆዳ ነው፤ በሐበሻ የሚወደድ ዕቃ ነበርና።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። መልእክተኞቹ በቀጥታ ወደ ንጉሡ አልሄዱም። መጀመሪያ የሄዱት በንጉሡ ዙሪያ ወዳሉት ሹማምንት ነው። ለእያንዳንዱ ሹም ድርሻውን ሰጡት፤ አንድም አላስቀሩም። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ አቀረቡ። ነገሩን ለንጉሡ ስንነግራቸው ስደተኞቹን ሳያነጋግሩ እንዲያስረክቡን ምከሩልን አሏቸው። ይህን ያወሩልን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው፤ እርሳቸው ራሳቸው በወቅቱ ከስደተኞቹ አንዷ ነበሩ። መልእክተኞቹ ከሁሉም ነገር አብልጠው የጠሉት ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል መስማታቸውን እንደነበር ተርከዋል።

ለምን ይህን ያህል ጠሉት? ክሳቸው ግማሹ እውነት ስለነበረ ይመስለኛል። እነዚህ አላዋቂ ወጣቶች የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ትተዋል አሉ፤ እውነት ነው፣ ትተዋል። የእናንተንም ሃይማኖት አልያዙም አሉ፤ ይህም እውነት ነው፣ በዚያ ሰዓት የንጉሡን ሃይማኖት የያዘ ከመካከላቸው አልነበረም። ከዚያ ደግሞ ነውራቸውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ወገኖቻቸው ናቸው ብለው ጨመሩበት። ግማሽ እውነት የያዘ ክስ የሚያሸንፈው ተከሳሹ አፉን እስኪከፍት ድረስ ብቻ ነው። ዐምር ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ሹማምንቱ የተባሉትን አደረጉ፤ ይሰጡ ብለው መከሩ። ንጉሡ ግን ተቆጡ። ከሌላው ሁሉ መርጠውኝ በአገሬ የተጠጉትን ሰዎች ጠርቼ ሳልጠይቃቸው አሳልፌ አልሰጥም አሉ። የተባለው እውነት ሆኖ ከተገኘ እንደሚያስረክቧቸው፣ ካልሆነም እንደሚጠብቋቸው ተናገሩ። ውሳኔያቸውን አስቀድመው ለማንም ወገን አለመስጠታቸውን አስተውሉ። ቃል የገቡት ለመስማት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ስለ ጃዕፈር (ረ.ዐ) ንግግር አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ንግግሩን የጀመረው የደረሰባቸውን በደል በመዘርዘር አይደለም። እኛ ጣዖት አምላኪዎች ነበርን፣ ዝምድና እንቆርጥ ነበር፣ ጎረቤትን እንበድል ነበር፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ ነበር ብሎ የራሱን ሕዝብ ጉድለት በማስቀደም ነው። በማግሥቱ ዐምር ሌላ ነገር ይዞ ተመለሰ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ቃል ይናገራሉ ብሎ ከሰሳቸው። ስደተኞቹ ሌሊቱን ተሰብስበው ምን እንበል ሲሉ ተማከሩ። የተስማሙት፣ የመጣው ይምጣ፣ አላህና መልእክተኛው ያስተማሩንን እንናገራለን በሚል ነው። ልዩነታቸውን አልሸፋፈኑም። ንጉሡም ሰምተው ከመሬት ቀጭን እንጨት አነሡና በዚህ መካከል የዚህችን ያህል ልዩነት የለም አሉ። ሹማምንቱ አጉረመረሙ። ስጦታው ለመልእክተኞቹ ተመለሰ።

ታሪኩ እዚህ ላይ የሚያልቅ የሚመስለን ብዙ ነን። አላለቀም። ይህ ውሳኔ ንጉሡን በአገራቸው ውስጥ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ሃይማኖታችንን ትተሃል ብለው የተነሡባቸው ሰዎች እንደነበሩ የኢብኑ ኢስሐቅ ሲራ ይተርካል። ንጉሡ ለጃዕፈርና ለጓደኞቹ መርከቦች አዘጋጁላቸው፤ ከተሸነፍኩ ወደምትፈልጉበት ሂዱ፣ ካሸነፍኩ በዚሁ ኑሩ አሏቸው። በሌላ ጊዜም ሥልጣናቸውን የሚቀናቀን ሰው ተነሥቶ በዓባይ ማዶ ውጊያ ሲሆን ስደተኞቹ ተጨነቁ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሽ የነበረው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) በተነፋ አቁማዳ ላይ ሆኖ ወንዙን ተሻገረና የውጊያውን ውጤት አይቶ መጣ። የምሥራቹን ሲያሰማቸው ከዚያ የበለጠ ደስታ አይተን አናውቅም ብለዋል ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ)። እንግዲህ ስደተኛን መቀበል የአገሬውን ሰው እርስ በርሱ የሚያከራክር ጉዳይ መሆኑ ትናንት የጀመረ አይደለም። በነጃሺ ቤትም አከራክሯል።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። ከሌሎች ከተሞች ሁሉ ሉዊስተንን የመረጥኩት የስደተኞቹም የአገሬዎቹም ቃል በጽሑፍ ስለተቀመጠ ነው፤ ማን ምን እንዳለ በቀኑ ማየት ይቻላል። ስደተኞቹም ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች፣ በሃይማኖትም ወንድሞቻችን ናቸው።

ሉዊስተን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በሜይን ግዛት፣ በአንድሮስኮጊን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ2000 የነዋሪዎቿ ብዛት 36 ሺህ ገደማ ነበር። ክረምቱ በረዶ ነው፤ ሕዝቧም በአብዛኛው ነጭና ካቶሊክ ነው። ካቶሊክ የሆነበት ምክንያት አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን በወንዙ ኃይል የሚሠሩ ትልልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ፋብሪካዎቹ እጅ ሲፈልጉ ከካናዳ፣ ከኩቤክ፣ መሬት ያጠራቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች በባቡር እየተጫኑ መጡ። በወንዙ ዳር ጠባብ ሰፈር ተሠራላቸው፤ ሰፈሩም ትንሿ ካናዳ ተባለ። የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳቸውን ትምህርት ቤት፣ የራሳቸውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ አቋቋሙ።

የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች አልወደዷቸውም። ቋንቋችንን አይማሩም፣ ለጳጳሳቸው እንጂ ለአገሩ አይታዘዙም፣ ልጅ ያበዛሉ፣ በርካሽ ደመወዝ እየሠሩ እንጀራችንን ይወስዳሉ ተባሉ። በ1919 የሜይን ግዛት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። በዚህ ሳቢያ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ በመናገራቸው የተቀጡ ልጆች ነበሩ፤ ከነርሱ አንዳንዶቹ በእርጅናቸው ዘመን ይህን ሲያወሩ ተሰምተዋል። በ1920ዎቹ ደግሞ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው ነጭ ለባሽ ማኅበር በሜይን በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አፈራ። በዚያ ግዛት ጥቁር ሕዝብ እምብዛም ስላልነበረ ዋነኛ ዒላማው እነዚህ ካቶሊኮች ነበሩ። ልብ በሉ፣ ዛሬ የሉዊስተን አገሬ የሚባለው የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጅ ነው።

ጊዜ አለፈ። ፋብሪካዎቹ ሥራቸው ወደ ሌላ አገር እየሄደ አንድ በአንድ ተዘጉ። ወጣቱ ከተማውን ለቀቀ። ሊዝበን በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ የሱቆቹ በር ተዘግቶ መስኮታቸው በጣውላ ተመታ። ኪራይ የረከሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሶማሌዎቹ የደረሱት ይህን ጊዜ ነው። በ1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ አገራቸው በእርስ በርስ ጦርነት ፈረሰ። ብዙዎቹ በኬንያ ዳዳብ መጠለያ ዓመታት ኖሩ፤ ብዙዎችም ወደ እኛ መጡ። በጅጅጋ አካባቢ የነበረው የሐርተ ሼክ መጠለያ ከ1988 አንስቶ እስከተዘጋበት እስከ 2004 ድረስ ቆይቷል፤ በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ መጠለያዎች አንዱ ነበር። ወደ አሜሪካ ዕድል ያገኙት እንደ አትላንታ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ተመደቡ። እዚያ ግን ሰፈሩ ለልጆቻቸው አላማራቸውም፤ አደንዛዥ ዕፁና የወንበዴ ቡድኑ አስፈራቸው። አርብቶ አደር ከብቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት ሣርና ውኃ አይቶ የሚመጣ ሰው ይልካል፤ ሶማሌዎች ይህን ሰሃን ይሉታል። እንደዚያው አድርገው ሰው ላኩ። የተላኩትም ተመልሰው በሰሜን በኩል ብርድ ያለበት፣ ቤት የረከሰበት፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ የሆነ ጸጥ ያለ ከተማ አለ አሉ። በ2001 መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ገቡ። እስከ 2002 መኸር ድረስ ከሺህ በላይ ሆኑ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። የከተማው ሰው ስጋት ሁሉ ጥላቻ ነበር ማለት አይቻልም። የአሜሪካ መንግሥት ለስደተኛ የሚሰጠው የመጀመሪያ ድጋፍ በአመዛኙ ሰውዬው ከተመደበበት ከተማ ጋር የተያያዘ ነው፤ በራሱ ፈቃድ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ብዙው አብሮት አይሄድም። በሜይን ሕግ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት በከተማው ላለ ችግረኛ ለኪራይና ለምግብ የመርዳት ግዴታ አለበት፤ ግዛቱ የሚተካለት ከፊሉን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቶቹም በድንገት እንግሊዝኛ የማይችሉ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆችን ተቀበሉ። አስተርጓሚ የለም፤ አስተማሪው አልሠለጠነም። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ስለ ስደት ስንነጋገር ይህን የሚያነሣውን ሁሉ ዘረኛ እያልን ከገፋነው ንግግሩን ራሳችን ዘጋነው ማለት ነው።

ከዚህ እውነት ጋር ግን ወሬ ተቀላቀለ። ለሶማሌዎች መንግሥት መኪና በነጻ ይሰጣቸዋል ተባለ። ገንዘብ በጥሬው ይታደላቸዋል ተባለ። የከተማው ሠራተኞች ሐሰት ነው እያሉ ቢያስተባብሉም ወሬው ከማስተባበያው ፈጠነ። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ ብሎ የሚያዘን በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳናጣራ በማናውቃቸው ሰዎች ላይ ጉዳት እንዳናደርስና በኋላ እንዳንጸጸት ነው።

በኦክቶበር 2002 መጀመሪያ የከተማዋ ከንቲባ ላሪየር ሬይመንድ ለሶማሌው ማኅበረሰብ መሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ አወጡ። ስማቸው ራሱ ፈረንሳይኛ መሆኑን ልብ ይሏል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ ከተማችን በገንዘብም በአቅምም በስሜትም የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ደርሳለች፤ ስለዚህ ዘመዶቻችሁና ወዳጆቻችሁ እንዳይመጡ ንገሯቸው፤ ፋታ ስጡን የሚል ነበር። ደብዳቤው በጋዜጣ ታተመ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የዓለም ዜና ሆነ። ከንቲባው በዘር ጥላቻ የጻፍኩት አይደለም አሉ። ሆኖም ደብዳቤው የተነገረላቸው ሰዎች ሕጋዊ ነዋሪዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ናቸው። በገዛ አገሩ ካንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድን ዜጋ አትምጣ የሚል ሕግ የለም።

የሶማሌ ሽማግሌዎችም በጽሑፍ መለሱ። መልሳቸው የተቆጣ ነው፤ ከንቲባውን በጭፍን ጥላቻ እስከመክሰስ ደርሷል። ለእኔ ግን ከመልሱ ሁሉ የሚመዝነው አንድ ነጥብ ነው። እርስዎ ሥልጣን ከያዙ አሥር ወር ገደማ ሆኖዎታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ጠርተው አላነጋገሩንም፤ አሁን በጋዜጣ ይነግሩናል አሏቸው። ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ሽማግሌዎቹ ቤት በእግር የሚያስኬድ መንገድ ነው። የሺህ ማይሎች ጉዳይ አልነበረም።

ይህን ሳነብ የነጃሺ ሹማምንት ትዝ አሉኝ። ሳያነጋግሩ ያስረክቡ ያሉት ክፉዎች ስለነበሩ ላይሆን ይችላል። ሰውየውን መጥራት ነገር ያወሳስባል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ልጅ አለው፣ ስም አለው፣ መልስ አለው። በሩቅ ያለ ሰው ግን ቁጥር ነው፤ በቁጥር ላይ መወሰን ይቀላል።

የእኛም ሕዝብ ይህን ቀምሷል። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባረው ተመለሱ። በሪያድ መንፉሓ ሰፈር የሆነውንም አይተናል። ከተመለሱት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የተባረሩትም ከሙስሊም አገር ነው። መንግሥት ሕጉን የማስከበር መብት አለው፤ ማንም ይህን አይክድም። ነገር ግን አሠሪው ፓስፖርቱን የያዘበት፣ የወር ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ ጉዳዩን የሚናገርበት ችሎት ሳያገኝ በመኪና ሲጫን የነጃሺን አገር ልጅ ያሳዝነዋል። በአንጻሩ እኛም አስተናጋጆች ነን። በ2019 መንግሥታችን ባወጣው የስደተኞች አዋጅ ስደተኞች የመሥራትና ከመጠለያ ውጭ የመኖር ዕድል እንዲያገኙ ተፈቅዷል። በየመጠለያው ዙሪያ ያለው ገበሬና ከብት አርቢ ስለ ማገዶውና ስለ ውኃው የሚያነሣው ጥያቄም የሉዊስተኑ ነዋሪ ካነሣው የሚለይ አይደለም።

ወደ ሉዊስተን እንመለስ። ከደብዳቤው በኋላ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ ከንቲባውና ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተገናኙ፤ የከተማው ነዋሪዎችም በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው ሶማሌዎች ወደሚሰግዱበት መስጂድ በእግራቸው ሄዱ። ሁለተኛው፣ ከሩቅ ግዛት የነጮች የበላይነትን የሚሰብክ ቡድን ዜናውን ሰምቶ በሉዊስተን ሰልፍ እጠራለሁ አለ። ቀኑም ጃንዋሪ 11 ቀን 2003 ተባለ። የቡድኑ መሪ ከሰልፉ ሦስት ቀን በፊት በቺካጎ የፌዴራል ዳኛ ለማስገደል በማሤር ተጠርጥሮ ተያዘ። በቀጠሮው ቀን ለጥላቻው ሰልፍ የመጣው ሰው ከአርባ አይበልጥም። በዚያው ሰዓት በቤትስ ኮሌጅ አዳራሽ ሶማሌዎችን ለመደገፍ የተሰበሰበው ከአራት ሺህ በላይ ነበር፤ አዳራሹ ሞልቶ ውጭ በብርዱ የቆመውም ብዙ ነው። አዲሱ የግዛቱ ገዥ ጆን ባልዳቺ ዲሞክራት ነበሩ፤ በስብሰባው አብረዋቸው የተገኙት ሴናተሮች ኦሎምፒያ ስኖውና ሱዛን ኮሊንስ ደግሞ ሪፐብሊካን ናቸው። ከንቲባው ራሳቸው ግን በዚያ ቀን ለዕረፍት ፍሎሪዳ ነበሩ።

ይህ ቀን የሚያኮራ ቀን ነው፤ ሶማሌዎቹም እስከ ዛሬ ያነሡታል። ሆኖም የእኔ አስተያየት ትንሽ ይለያል። ሰልፍ ውይይት አይደለም። በአዳራሹ የነበሩት አራት ሺህ ሰዎች ቀድሞውኑ የተስማሙ ናቸው። ስለ ኪራዩና ስለ ግብሩ የተጨነቀው፣ ጥላቻን የማይወድ ግን ግራ የገባው ነዋሪ በሁለቱም ቦታ አልነበረም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ንግግሩ የተካሄደው በሌላ ቦታ ነው፦ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ በማታው የእንግሊዝኛ ክፍል፣ በልጆች ትምህርት ቤት ስብሰባ፣ በሊዝበን ጎዳና ላይ የተዘጉ ሱቆችን ተከራይተው ሐላል ሥጋና ጨርቅ መሸጥ በጀመሩ ሶማሌ እናቶች መደብር ውስጥ። ይህን ዜና የሚያደርገው ጋዜጠኛ የለም።

ውይይቱ ልዩነቱን አላጠፋውም። በጁላይ 2006 አንድ ሰው በሰላት ሰዓት የአሳማ ጭንቅላት ወደ መስጂዱ ወረወረ፤ ሲጠየቅ ቀልድ ነው አለ። በ2012 ሌላ ከንቲባ፣ ሮበርት ማክዶናልድ፣ ስደተኞች ባህላቸውን በር ላይ ትተው ይግቡ ብለው ለቢቢሲ ተናገሩ። ሥልጣን ይልቀቁ የሚል ፊርማ ቢሰበሰብባቸውም አልለቀቁም፤ በቀጣዮቹ ምርጫዎችም ተመረጡ። በ2016 ከተማዋ ያለችበት የአንድሮስኮጊን አውራጃ ድምፁን ለዶናልድ ትራምፕ ሰጠ፤ እርሳቸው ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወደ ሜይን መጥተው በግዛቱ ስላሉት ሶማሌዎች ስጋት የሚቀሰቅስ ንግግር አድርገው ነበር። ከዚህ አኳያ ሲታይ የነጃሺም ሹማምንት በዚያ ቀን አጉረምርመው ወጡ እንጂ ልባቸው ተለወጠ አልተባለም።

በዚሁ ዘመን ግን የሉዊስተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ቡድን ነበረ። አሰልጣኙ ማይክ ማክግሮ የአካባቢው ሰው ናቸው፤ ተጫዋቾቹ ከሶማሊያ፣ ከኬንያ፣ ከኮንጎና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ልጆች ከአገሬው ልጆች ጋር ናቸው። በ2015 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ለፍጻሜ ደረሱና 1 ለ 0 አሸንፈው የሜይን ግዛት ሻምፒዮን ሆኑ። በዚያን ቀን ስታዲየም ውስጥ የጮኸው ወላጅ በምርጫ ለማን ድምፅ እንደሰጠ ማንም አልጠየቀውም። ኳስ ሁሉን ይፈታል የሚሉ አሉ፤ እኔ እንኳ ያን ያህል አልሄድም። ልጆቹ ግን ለየወላጆቻቸው የሌላውን ልጅ ስም አስተዋውቀዋል።

በ2019 ሳፊያ ኻሊድ የምትባል የ23 ዓመት ሶማሌ ሙስሊም ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደረች። በልጅነቷ በስደት የመጣች ናት፤ ሒጃብ ትለብሳለች። የምርጫ ዘመቻዋ በዋነኝነት የየቤቱን በር እያንኳኳች ነዋሪውን ማነጋገር ነበር። በበይነ መረብ የስድብና የዛቻ መዓት ወረደባት። የስድቡ አብዛኛው የመጣው ከከተማዋ ውጭ፣ እንደ አላባማና ሚሲሲፒ ካሉ ሩቅ ግዛቶች፣ አይተዋት ከማያውቁ ሰዎች ነበር። በሯን ያንኳኳችባቸው የሉዊስተን ነዋሪዎች ግን በከፍተኛ የድምፅ ልዩነት መረጧት።